ድራማው ያለያያቸውን ሳጋባ

ቃና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. የውጭ ተከታታይ ድራማዎችን በአማርኛ ማሳየት ከጀመረ ወዲህ፣ እዚህ ደሴ ገጸ ባሕርያቱ እንደ ጎረቤት ይታማሉ፤ እኔም ድራማው ያለያያቸውን ፍቅረኞች መልሼ የማገናኝባቸውን አጫጭር ልብ ወለዶች እጽፋለሁ።

ከሚደርሰኝ አስተያየት አብዛኛው «ቀጣዩ ክፍል መቼ ነው?» የሚል ነው፤ ደስ ቢያሰኝም ለጸሐፊ የሚፈይደው ጥቂት ነው። የምጠቀመው በሙግት ነው። አንዲት የኮምቦልቻ አንባቢ ስለ አንዷ ገጸ ባሕርይ «እታለም፣ እሷ እንዲህ ቶሎ ይቅር አትልም፤ ኩራቷ የት ሄደ?» ስትል፣ ሌላዋ ደግሞ ኩራቱ ከመጀመሪያውም የፍርሃት መሸፈኛ እንደ ነበር ከድራማው ትዕይንት እየጠቀሰች ትሞግታታለች፤ እኔ ለሁለተኛዋ አደላለሁ።

ልማዱ አዲስ አይደለም። የአሜሪካው ተከታታይ የቴሌቪዥን ድራማ «ስታር ትሬክ» ወዳጆች በ1967 እ.ኤ.አ. «ስፖካናሊያ» የተባለውን መጽሔት ራሳቸው አሳትመዋል፤ ከዚያ ወዲህ በወጡ መሰል መጽሔቶችም የአንባቢዎች ደብዳቤ ከልብ ወለዶቹ ጎን ይታተም ነበር።

የእኛው ግን የባቲና የአምባሰል ቅኝት አገር ነውና፣ አንዳንዱ አስተያየቱን በስንኝ ይልካል፤ ስንኙ ከልብ ወለዴ ሲበልጥ (ብዙ ጊዜ ይበልጣል) በቅናት መልስ አዘገያለሁ።