ስንት ሲኒ ቀመስክ?

ጅማ ውስጥ አንድ የቡና መጋዘን እሠራለሁ። ሥራዬ ናሙና ማዘጋጀት ነው። ከየጆንያው ወግቼ አወጣለሁ፣ እርጥበቱን እለካለሁ፣ ከ11.5 በመቶ ካለፈ እመልሳለሁ። ያለፈውን ቆልቼ፣ ፈጭቼ ለቀማሹ አቀርባለሁ። ቀማሻችንን ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። ዕድሜያቸው ወደ 70 ተጠግቷል። ጡረታ ወጥተው ነበር፣ መልሰው ጠሯቸው። ምላሳቸውን የሚተካ አልተገኘማ።

ከቡናው ሌላ የምሳ ሰዓት ጸሎት መሪ ነኝ። መጥፎውን ፍሬ ከቡናው የሚለዩት ሙስሊሞቹ ለቃሚዎች ለዙሁር ሶላት ሲነሱ እኛ ደግሞ ከመጋዘኑ ጀርባ ጆንያ ላይ እንቀመጣለን። አንድ መዝሙር፣ አንድ ክፍል ከመጽሐፍ ቅዱስ፣ ጸሎት፣ ከዚያ ወደ ለቀማ። 30 ደቂቃ ነው ያለን። አብዛኞቹ እናቶች ናቸው፤ ከዳውሮም ከከፋም ከጅማ ዙሪያም የመጡ።

ከሦስት ዓመት በፊት መጋቢት ላይ ጸሎቱ ቀዘቀዘብኝ። እናቶቹ ደክሟቸው ያንቀላፋሉ። እኔም ብሆን ያችኑ መዝሙር ከማንሳት ሰልችቶኝ ነበር። ታዲያ አንድ ጓደኛዬ የአንድ አገልጋይ ስልክ ሰጠኝ። ቪዲዮውን አየሁት። ሰው በስሙ ይጠራል፣ የቤቱን ጉዳይ ይነግራል። ደወልኩ፣ እመጣለሁ አለኝ። ማንንም አላማከርኩም። ጋሼ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ናቸው፤ ከእኔ ጠረጴዛ አሥር እርምጃ ርቀው ነው የሚቀምሱት። ለእሳቸውም አልነገርኩም። እውነቱን ለመናገር፣ እንዳይጠይቁኝ ፈርቼ ነው።

መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩት። ባጃጅ ውስጥ ገባን። የአዌቱን ድልድይ ስንሻገር ትከሻዬን ይዞ፣ «እስቲ ስለ እህቶቻችን ንገረኝ፣ ሌሊቱን እንድጸልይላቸው» አለኝ። ደስ አለኝ። እንዲህ የሚያስብ ሰው ነው እንግዲህ አልኩ። ነገርኩት። የማንዋ ባል እንደሚጠጣ፣ የማንዋ ልጅ ማትሪክ እንደወደቀች። በር አጠገብ ስለሚቀመጡት እትዬም ነገርኩት። ልጃቸው በባሕር ወደ ሳውዲ ከወጣ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ድምፁ ጠፍቷል። «ስልካቸውን ከጉያቸው አይለዩም፣ ሲለቅሙ እንኳ» አልኩት። ይህችን ቃል ያዙልኝ።

በማግስቱ ምሳ ሰዓት መጣ። በሬዲዮ እንደሚሰማ ድምፅ ነው ያለው። ትንሽ ከዘመረ በኋላ ዓይኑን ጨፍኖ እጁን ወደ በሩ ዘረጋ።

«አንቺ! በር አጠገብ ያለሽው!» አለ። ሃምሳ ዓመት ያለፋቸውን እናት አንቺ ማለቱ ራሱ አንድ ነገር ሊነግረኝ ይገባ ነበር። «ውሃ የተሻገረ ልጅ አለሽ። ከጉያሽ የማትለዪው ስልክ በሰባት ቀን ውስጥ ይጮኻል!»

እትዬ ጮኸው ወደቁ። ሴቶቹ በሙሉ አለቀሱ። የእኔ ደግሞ ሆዴ ውስጥ የሆነ ነገር ቀዝቅዞ ቁጭ አለ። ጉያ የምትለዋ ቃል የእኔ ናት። ትናንት ባጃጅ ውስጥ ነው ያልኳት። ድልድዩም ላይ ሳይቀር ትዝ አለኝ።

ዝም አልኩ።

ጭራሽ ባሰብኝ። አንዲት ልጅ ወደ እኔ ዞራ በጥርጣሬ ስታየኝ፣ «ትንቢትን አትናቁ ይላል ቃሉ» አልኳት። አንደኛ ተሰሎንቄ ምዕራፍ 5 ነው፣ በቃሌ ነው የማውቀው። ቀጥሎ ያለው «ሁሉን ፈትኑ፥ መልካሙንም ያዙ» የሚለው ነው። እሱንም በቃሌ አውቀዋለሁ። አላነበብኩላትም።

ከዚያ ዘር መዝራት የሚሉት ገንዘብ መስጠት መጣ። ስልክ ቁጥሩን ጮክ ብሎ አስጻፈ፣ በቴሌብር ነው የሚላከው። በዚያው ሰዓት አንዲት ሙስሊም ለቃሚ ከሶላት ተመልሳ መጥረጊያዋን ልትወስድ ገባች። ቆማ ሰማችና፣ «ይሄ ስልክ የቤተ ክርስቲያኑ ነው የሰውዬው?» አለች። እንዲያው ማወቅ ፈልጋ ነው፣ ነገር ፍለጋ አልነበረም። ማንም አልመለሰላትም። ከሁላችን መሐል መንፈስን የመረመረች እሷ ብቻ ነበረች ማለት ነው፤ ለዚያውም መጥረጊያ ፍለጋ መጥታ።

እትዬ በዚያ ሳምንት እቁብ ደርሷቸው ነበር። ሃያ ሴቶች፣ በሳምንት 200 ብር፣ 4,000 ብር። ሙሉውን ላኩ።

ስለ ሰባቱ ቀን ብዙ ማውራት አልፈልግም። መጋዘን ውስጥ የማንም ስልክ በጮኸ ቁጥር እትዬ እጃቸው ቡናው ላይ ይቆማል። የእኔ ስልክ ሲጮኽም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ድምፁን ዘጋሁት። ስምንተኛው ቀን ላይ ለሰውዬው ደወልኩ። እምነት ጎድሏታል፣ ዘሩን ትድገም አለኝ።

በዚያ ቀን ጋሼ ናሙና ይቀምሱ ነበር። ቅምሻ አይቶ ለማያውቅ ልንገር። ከአንድ ናሙና አምስት ሲኒ ነው የሚቀርበው፣ ቡናው ያው፣ ውሃው ያው። የፈላ ውሃ ተጨምሮ አራት ደቂቃ ያህል ይቆያል። ላዩ ላይ አረፋና ዱቄት ይጋገራል። ጋሼ ያንን በማንኪያ ጀርባ ሰበር አድርገው አፍንጫቸውን ያስገባሉ። ከዚያ በማንኪያ ፉት! ይሉታል፣ ድምፁ በር ላይ ይሰማል፣ ይተፉታል። አንደኛው፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው ጥሩ ነበር። አራተኛው ላይ ፊታቸው ተቀየረ። ጠሩኝ፣ አሸተትኩት። የበሰበሰ ነገር ይሸታል። ስቲንከር የምንለው ነው፣ ከመጠን በላይ የቦካ ፍሬ። በዓይን ብታየው አብዛኛውን ጊዜ ከሌላው አትለየውም። ተፈጭቶ የፈላ ውሃ ሲያርፍበት ነው የሚጋለጠው። አንድ ፍሬ ብቻ ከሆነ ደግሞ ከአምስቱ በአንዱ ሲኒ ብቻ ይገባል።

ጋሼ ማንኪያቸውን አስቀመጡና፣ «ያንን እንግዳህን ስንት ሲኒ ቀመስከው?» አሉኝ።

ለካ ሁሉንም ሰምተዋል። መልስ አጣሁ። ከዚያ የባጃጁን ወሬ አንድም ሳላስቀር ነገርኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። ወንበር ሳቡልኝ።

«በደርግ ጊዜ ቤተ ክርስቲያናችን ታሽጎ ነበር» አሉ። «አምስት ስድስት ሆነን ቡና የተጠራራን እየመሰልን በየቤቱ ነበር የምንጸልየው። ከሁላችን አብልጦ የሚያለቅስ አንድ ልጅ ነበር። የታሰርን ዕለት ስማችንን ከወረቀት ያነበበልን እሱ ነው።»

«ታዲያ ከዚያ በኋላ እንዴት ሰው አመናችሁ?»

«ጊዜ እንሰጠው ነበር። ስንታመም ይጠይቀናል ወይ? ስንቸገር ይርቃል ወይ? አንድ ዓመት ሳይሞላው ሌላውን ቤት አናሳየውም።» ከዚያ አምስተኛውን ሲኒ ቀመሱ። አራተኛው ሸቶ እያለ አምስተኛውንም መቅመሳቸው ገረመኝ።

ቆይቼ ሳነብ ዲዳኬ የሚባል የጥንት ክርስቲያኖች መመሪያ አገኘሁ። በ1ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ወይም በ2ኛው መጀመሪያ ገደማ እንደተጻፈ ብዙ ምሁራን ይናገራሉ። እንግዳ አገልጋይን ተቀበሉ፣ ሲሄድ ግን እስከሚቀጥለው ማደሪያ የሚበቃውን እንጀራ ብቻ ይያዝ ይላል። ገንዘብ ከጠየቀ ሐሰተኛ ነቢይ ነው። ለራሱ ሳይሆን ለተቸገሩ ሌሎች ስጡ ካለ ግን ማንም አይፍረድበት። ይህን ሳነብ ያቺ መጥረጊያ ፈላጊ ትዝ አለችኝ። የጠየቀችው ይህንኑ ነበር።

ሰኞ ምሳ ሰዓት እናቶቹ ፊት ቆሜ ተናገርኩ። ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ ነኝ የነገርኩት አልኩ። ሲናገር አውቄያለሁ፣ ዝም አልኩ አልኩ። ማንም አላለቀሰም። ልቅሶ ሳይሻል አይቀርም ነበር። እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ገንዘቡን ከደመወዜ በየወሩ 500 ብር ልመልስ ሄድኩ። ጋሼ አብረውኝ ነበሩ፣ ግን አልተናገሩም።

«ገንዘቡን አንተ አልበላኸውም» አሉ እትዬ።

«አዎ እትዬ።»

«ልጄን ግን አንተ ነህ የሸጥክለት።» ከዚያ 500 ብሩን ቆጥረው ተቀበሉኝ። ስምንቱንም ወር ተቀበሉኝ።

ሽማግሌዎቹ በኋላ የድጋፍ ደብዳቤ የሌለው እንግዳ እንዳይናገር ወሰኑ። እኔ መሪነቱን ልተው ጠይቄ ነበር። ጋሼ እንቢ አሉ። «ናሙና ያበላሸ ሌላ ናሙና ያዘጋጃል እንጂ ሚዛኑን ጥሎ አይሄድም» አሉኝ። እናም ቀጠልኩ። አራት ሰው፣ አንዳንዴ ሦስት። ያችው መዝሙር፣ ያው 30 ደቂቃ። አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ሁለታችን ብቻ ነበርን። ጋሼ ደግሞ መዘመር አይሆንላቸውም።

የመጨረሻውን ክፍያ ከሰጠሁ ሁለት ሳምንት አልፎ ነበር። መዝሙር ላነሳ ስል እትዬ መጡ። በር አጠገብ ያችው ቦታቸው ላይ ተቀመጡ። ስልኩ ጉያቸው ውስጥ ነው፣ ጫፉ ይታያል። የቡናውን አቧራ ከቀሚሳቸው አራገፉ። እኔ አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

«ጀምር እንጂ» አሉኝ፣ «ሰዓቱ ሄደ።»