የንስሩ ማማ፦ ኮለን (ምሰሶ) አፍርሶ ፎቅ ማውረድ

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ሊንክስ አዌክኒንግ» በተባለው የቪዲዮ ጌም ውስጥ ካሉት ስምንት ዋና ደንጀኖች (በእንቆቅልሽና በጠላት የተሞሉ ሥፍራዎች) እኔ ደጋግሜ የምመለስበት ሰባተኛው ነው፤ የንስሩ ማማ። በሌሎቹ ክፍሎቹን ተራ በተራ እየፈታችሁ ትሄዳላችሁ፣ በሩ ሲከፈት የኋላውን መርሳት ይቻላል። እዚህ ግን ሕንፃውን በሙሉ በአንድ ጊዜ ካላሰባችሁት አይነካም። በ1993 እ.ኤ.አ. ለጌም ቦይ፣ በእጅ ለሚያዘው የጌም መሣሪያና ለዚያች ሚጢጢ ስክሪኑ፣ እንዲህ ያለ ነገር አስበው መሥራታቸው እስካሁን ይገርመኛል። እኔ የተጫወትኩት በ2019 እ.ኤ.አ. ስዊች ለተባለው የጌም መሣሪያ እንደ አዲስ የተሠራውን ነው፤ የማማው እንቆቅልሽ ግን ያው የድሮው ነው።

ለማያውቀው ሰው በአጭሩ፦ የምንጫወትበት ጀግና ሊንክ መርከቡ በማዕበል ተሰብራ ኮሆሊንት የምትባል ደሴት ላይ ይጣላል። ማሪን የምትባል ልጅ ከባሕሩ ዳር አግኝታ ታነሳዋለች። ከደሴቲቱ ለመውጣት ስምንት የሙዚቃ መሣሪያዎች ሰብስቦ፣ በተራራው አናት ላይ ባለው ግዙፍ እንቁላል ውስጥ የተኛውን ዊንድ ፊሽ የተባለ ፍጡር መቀስቀስ አለበት። መሣሪያዎቹ በየደንጀኑ ተቀምጠዋል።

የንስሩ ማማ ሥራ የሚጀምረው ከማማው ውጭ ነው። በሩን የሚከፍተው የወፍ ቁልፍ በታል ታል ተራሮች ዋሻ ውስጥ አለ፣ ቁልፉ ጋ የሚያደርሰው ደግሞ የሚበር ዶሮ ነው። ዶሮው የሞተ ነው። መጀመሪያ በምልክት ሰሌዳዎቹ መንገድ ሄጄ ማሙ የተባለውን እንቁራሪት ዘፋኝ አገኘሁና በ300 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ) የነፍስን ዜማ አስተማረኝ። ከዚያ ማቤ መንደር ተመልሼ፣ በስድስተኛው ደንጀን ባገኘሁት ሁለተኛው የጉልበት አምባር የዶሮውን ሐውልት ገፋሁት። ከሥሩ ደረጃ አለ፤ ታች ወርጄ አጥንቱ ላይ ዜማውን በኦካሪና (በአፍ በሚነፋ ትንሽ የሙዚቃ መሣሪያ) ስጫወት ዶሮው ተነሣ። እዚህ ጋ የምመክረው ሩፒውን አስቀድሞ ማጠራቀም ነው። ከመድኃኒት ሻጯ ከክሬዚ ትሬሲ መድኃኒት መግዛትም አይረሳ፤ ልባችሁ (የሕይወት መለኪያችሁ) ሲያልቅ በራሱ ያስነሣችኋል። ማማው ረጅም ስለሆነ ያለ መድኃኒት አልገባበትም።

ቁልፉን ማማው ሥር ባለው ቀዳዳ ስትከቱት ማማው ራሱ ዞሮ በሩን ወደ እናንተ ያመጣዋል። ይህን ትንሽ ነገር ሰዎች ዝም ብለው ሲያልፉት አያለሁ፤ ለእኔ ግን ገና ሳንገባ የተሰጠን ፍንጭ ነው። ይህ ሕንፃ ይንቀሳቀሳል።

ገብቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ካርታውን፣ ኮምፓሱንና የድንጋዩን ምንቃር መፈለግ ነበር። ኮምፓሱ ቁልፍ ያለበት ክፍል ስትገቡ ድምፅ ያሰማል። ምንቃሩ ደግሞ በየቦታው የቆሙትን የጉጉት ሐውልቶች ያናግራል፤ ሐውልቶቹም በማማው ውስጥ ያሉትን አራት ምሰሶዎች ማፍረስ እንዳለባችሁ የሚጠቁሙት ያኔ ነው።

ከዚያ ባለ ካሬ ደብተር አወጣሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ካርታ ፎቆቹን ለየብቻ ነው የሚያሳየው፤ አንዱን ስታዩ ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ እያንዳንዱን ፎቅ በአንድ ገጽ፣ እያንዳንዱን ክፍል በአንድ መጠን ሣልኩ። ደረጃውን፣ የማይታለፈውን ግድግዳና ምሰሶ ያለበትን ክፍል ምልክት አደረግሁበት። ሲያልቅ ገጾቹን ቀድጄ ደራርቤ መስኮት ላይ ለጠፍኳቸው፤ ብርሃኑ ከኋላ ሲመጣ ላይኛውና ታችኛው ፎቅ አንድ ላይ ይታያል። ታላቅ ወንድሜ በሥራው የግንባታ ፎርማን ነው፤ ጌም አይጫወትም። ሻይ ይዞ ቆሞ ወረቀቱን ተመለከተና «እነዚህ አራቱ ኮለን ናቸው አይደል? ኮለኑን ካነሣህ ሶሌታው ይወርዳላ» አለኝ፤ ሶሌታ የሚለው የፎቁን ወለል ነው። ልክ ነው። አራቱ ምሰሶዎች ሲፈርሱ የማማው የላይኛው ክፍል እንዳለ አንድ ፎቅ ወደ ታች ይወርዳል፤ እስከዚያ ድረስ መሄጃ ያልነበረው ቦታም መንገድ ያገኛል። መፍትሔውን ፍለጋ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ ሰው ብዙ ይደክማል፤ እዚህ እኛ አንወጣም፣ ፎቁን ወደ እኛ ነው የምናወርደው።

ማፍረሻው አንድ ከባድ የብረት ኳስ ነው። በአምባሩ ታነሡትና ምሰሶው ላይ ትወረውሩታላችሁ። ችግሩ ኳሱ አንድ ነው፣ ምሰሶዎቹ ያሉት በተለያዩ ክፍሎች ነው፣ ኳሱን ተሸክማችሁ ሰይፍ መምዘዝ ደግሞ አትችሉም። እኔ የሠራሁት እንዲህ ነው። ኳሱን ሳልነካ መጀመሪያ መንገዱን በባዶ እጄ ሄድኩበት፤ ጠላቶቹን አጸዳሁ፣ የሚከፈተውን ከፈትኩ። ከዚያ ተመልሼ ኳሱን አነሣሁ። መንገዱ በማያሳልፍ ነገር ሲዘጋ ኳሱን በላዩ ወደ ማዶ እወረውርና እኔ በሌላ በኩል ዞሬ አነሣዋለሁ። ይህ የእንቆቅልሹ ልብ ነው፦ ኳሱና እናንተ አንድ መንገድ መሄድ የለባችሁም። ስለዚህ ከመወርወሬ በፊት ሁልጊዜ ራሴን የምጠይቀው «ኳሱ ይደርሳል ወይ?» ብቻ ሳይሆን «እኔስ እዚያ በየት እደርሳለሁ?» ብዬም ነበር። ደብተሩ ላይ ለኳሱ ቀይ፣ ለእኔ ሰማያዊ መስመር አሰመርኩ። ሁለቱ መስመሮች የሚገናኙበት ሁሉ የማንሻ ቦታ ነው። ከዚያ በኋላ ምሰሶዎቹን ማፍረስ ጊዜ ብቻ የሚፈልግ ሥራ ሆነ።

ቀጣዩን አንቀጽ ጌሙን ያልጨረሰ ሰው ቢዘለው እመርጣለሁ። ወደዚህ ማማ የሚመጣ ተጫዋች ከዚያ በፊት በደቡቡ «የፊት መቅደስ» (ፌስ ሽራይን) ግድግዳ ላይ የተቀረጸውን አይቷል፤ ኮሆሊንት የዊንድ ፊሽ ሕልም ናት፣ እሱ ሲነቃ ደሴቲቱ ትጠፋለች። ማቤ መንደር፣ ዘወትር የምትዘፍነው ማሪን፣ የባሕር ወፍ ሆና መብረር የምትመኘው ማሪን፣ ሁሉም። ይህን እያወቃችሁ ሰባተኛውን መሣሪያ ልትወስዱ ነው። አራተኛው ምሰሶ ፈርሶ ማማው ሲንቀጠቀጥና ፎቁ ሲወርድ ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ከበደኝ። በዚህ ጌም ውስጥ የደሴቲቱን አካል በገዛ እጃችሁ የምታፈርሱት እዚህ ነው፤ መጨረሻውን በትንሹ አስቀድሞ ያሳያችኋል። የጌም ታሪክ በንግግር ብቻ ሳይሆን በእጅ ሥራ ሊነገር እንደሚችል ያመንኩት በዚህች ቅጽበት ነው፣ ለዚህም ነው ማማውን ከስምንቱ የማስበልጠው።

ከቦሱ (ከደንጀኑ ዋና ጠላት) በፊት ግሪም ክሪፐር የተባለ ጠላት አለ። እሱ ራሱ አይዋጋም፤ ዋሽንቱን እየነፋ ስድስት የሌሊት ወፎች ይልክባችኋል። ዘዴው አንድ ነው፦ የተላኩትን ስድስቱንም ሳያመልጡ መግደል። አንዷ ካመለጠች አዲስ መንጋ ይመጣል። ስለዚህ አላሯሯጥኳቸውም፤ መሐል ቆሜ ወደ እኔ ሲወርዱ ጠበቅኋቸው። በዚሁ ማማ ሣጥን ውስጥ ያለውን የመስታወት ጋሻም ሳትይዙ ወደ ጣሪያው አትውጡ።

ጣሪያው ላይ ንስሩ ይጠብቃል፤ ግሪም ክሪፐርም ጀርባው ላይ ተቀምጦ ይመለሳል። እይታው እዚህ ከጎን ይሆናል፣ ጠርዙ ደግሞ ክፍት ነው። ንስሩ ክንፉን ሲያራግብ ነፋሱ ይገፋችኋል፣ ላባዎቹም ይወረወራሉ። በዚያን ጊዜ ለማጥቃት አልሞከርኩም፤ ጋሻዬን ይዤ ከነፋሱ ጋር ቦታዬን ማስጠበቅ ብቻ ነበር ሥራዬ። ወደ እኔ ሲወረወር በመዝለያው ላባ ዘልዬ በሰይፍ መታሁት፤ ራቅ ሲል ሁክሾቱ (በሰንሰለት የሚወነጨፈው መንጠቆ) ይደርስበታል። ቸኩሎ የዘለለ ሰው ከጣሪያው ወድቆ እንደገና መሰላሉን ይወጣል፤ ጠርዝ ላይ ሆናችሁ አትዝለሉ።

ንስሩ ሲወድቅ ሰባተኛው መሣሪያ፣ የምሽት እርጋታ ኦርጋን፣ የእናንተ ነው። ቀጥሎ ያለው ስምንተኛው ደንጀን፣ የኤሊው ዓለት፣ በተራሮቹ ምዕራብ ጫፍ ነው። መግቢያውን የዘጋችው የድንጋይ ኤሊ የምትነቃው ዶሮውን ባስነሣው በዚያው በማሙ ዜማ ነውና፣ ዶሮውን ካገኛችሁ በኋላ ኦካሪናውን ከእጃችሁ አታርቁ። መድኃኒቱ ማማው ውስጥ ካለቀ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ክሬዚ ትሬሲ ጎራ በሉ፣ ከዚያ ወደ ምዕራብ።