ከቦርከና እስከ አዋሽ ዳር

የእኛ ቦርከና ከኮምቦልቻ ቁልቁል ወርዶ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር ሳያይ አፋር በረሃ፣ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። የቦትስዋናው ኦካቫንጎ ወንዝም እንዲሁ ነው። አንጎላ ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ ወራት ተጉዞ ካላሃሪ በረሃ ውስጥ ይዘረጋል፤ የሚደርሰውም እዚያ ዝናብ በሌለበት ወቅት ነው። ስመ ጥር የሳፋሪ ካምፖች ያሉት እሱ ዳር ነው። ታዲያ እኛ ምን ጎደለን?

ሹፌር ነኝ። እንግዳ ይዤ በባቲ፣ በሚሌና በገዋኔ አድርጌ አዋሽ ፓርክ እወርዳለሁ። (ሰኞ ከሆነ ባቲ ገበያ ሳይቆሙ ማለፍ የለም።) ፏፏቴው አጠገብ ሎጅ አለ፤ ከታች አዞዎቹ አሸዋው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ሲሞቁ ታያላችሁ።

ለእኔ የሎጅ ጥራት በመዋኛ ገንዳ አይለካም። ጥላ አለው ወይ? ነፋስ ያስገባል? ጎህ ሳይቀድ ሻይ ይፈላል? ሳላ፣ ያ ረጅም ቀንድ ያለው የዱር እንስሳ፣ ደህና አድርጎ የሚታየው በማለዳና ወደ ማምሻው ነው። ቀትር ላይ እሱም እኛም ጥላ ፈላጊ ነን። ቁርስ ሁለት ሰዓት ላይ ካልሆነ የሚል ሎጅ ለእኔ አይመቸኝም።

አንድ ቦታ ደግሞ ቆርቆሮ ቤት አሳደሩን። ተጠበስን! የአፋር ሴቶች ከእንጨትና ከሰሌን የሚሠሩት ጎጆ ስንት እጥፍ ይሻላል። አየር ያስገባል፣ ሲሄዱም ተነቅሎ ግመል ላይ ይጫናል። ሎጅ ሠሪዎች መጀመሪያ እነሱን ቢያማክሩ ጥሩ ነበር።

ከደሴ የምትነሱ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመቻል። ግንቦትን ግን አትሞክሩት።