ሲቢቲፒ ያስተማረኝ

ሰሞኑን ምሳ ላይ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ተከራከርን። አንዱ "ተማሪን በግድ ለኅብረተሰቡ አሳቢ ማድረግ አይቻልም" አለ። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነኝና ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ጅማ ውስጥ ማኅበረሰብ አቀፍ ትምህርት የሚባል ነገር አለ፤ ተማሪው ሰፈር ድረስ ወርዶ የሰዉን ችግር እያጠና፣ የሚችለውን እየፈታ የሚማርበት ነው። ዩኒቨርሲቲው ገና የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በነበረበት ዘመን የተጀመረ ነው። በ1992 ዓ.ም. ከግብርና ኮሌጁ ጋር ተዋህዶ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ለሌሎቹ ዲፓርትመንቶችም ደረሰ። ተማሪው ግን በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ሲቢቲፒ (ማኅበረሰብ አቀፍ የሥልጠና ፕሮግራም) ነው የሚለው። ውጤት ይያዝበታል። መቅረት የለም።

በቡድን ተደልድለን ቀበሌ ይሰጠናል። መጀመሪያ ቤት ለቤት መጠየቅ ነው፤ ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ሽንት ቤት አለ ወይ፣ ልጆቹ ተከትበዋል ወይ። ከአዲስ አበባ የሄድነው አፋን ኦሮሞ ስለማንችል የአካባቢው ልጆች ነበሩ አለቆቻችን። ክላስ ውስጥ ድምፁ ተሰምቶ የማያውቅ ልጅ እዚያ ቡድኑን ይመራል። ደግሞ በየቤቱ "ቡና ሳትጠጡማ አትሄዱም" አለ። ሱፐርቫይዘራችን መጠይቁ ለምን እንደዘገየ ሲጠይቀን መልሱ ጀበናው ነበር።

ጭቅጭቁ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የተገኘው ችግር ሁሉ ነጥብ ይሰጠዋል፦ ስፋቱ፣ ክብደቱ፣ በእጃችን ባለው አቅም መፈታቱ፣ ኅብረተሰቡን ማሳሰቡ፣ መንግሥትን ማሳሰቡ። እኛ ሽንት ቤት ላይ ልናተኩር ስንል አንዲት እናት "ልጆቼ፣ ጉድጓዱን እኛም እንቆፍራለን። የቸገረን ውሃ ነው" አሉን። ውሃ በክብደቱ ከሁሉም በላይ ወጣ። በአቅም ግን ታች ወደቀ፤ ተማሪ ቧንቧ አይዘረጋም። ዶርም ውስጥ እስከ ሌሊት ተጨቃጨቅን። መጨረሻ ላይ ምንጩን ለማጽዳትና ከብት እንዳይገባበት ለማጠር ተስማማን። ሰዉ እንጨት አዋጣ፣ እኛ ሚስማርና ጉልበት። አካፋ ይዞ የማያውቅ እጅ በአንድ ጠዋት እንዴት እንደሚላጥ ያኔ ነው ያየሁት።

በኋላ አንድ ቦታ ስሠራ ሌላውን ዓይነት የኅብረተሰብ አገልግሎትም አይቻለሁ። ቲሸርት ይታደላል፣ ባነር ይዘረጋል፣ ችግኝ ይተከላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ በቃ። ችግኙን ውሃ የሚያጠጣው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ የለም።

በግድ መሆኑማ በግድ ነው። አናቶሚስ በፈቃዳችን ነው እንዴ የተማርነው? ነገሩ አዲስም አይደለም። በንጉሡ ጊዜ፣ ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ዲግሪውን ከመያዙ በፊት አንድ ዓመት በየክፍለ ሀገሩ ማገልገል ነበረበት። አብዛኞቹ ያስተምሩ ነበር። አባቴን ሒሳብ ያስተማሩት እንዲህ ከአዲስ አበባ የመጡ ተማሪ ናቸው። እስከ ዛሬ ስማቸውን በአክብሮት ነው የሚጠራው።

እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነገር የጤና ተማሪ ጉዳይ ብቻ መምሰሉ ነው። የሕግ ተማሪዎች እንኳ በነፃ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠበቃ መክፈል ለማይችል ሰው አቤቱታ ይጽፋሉ፣ ያማክራሉ። የአካውንቲንግ ተማሪስ የእድር መዝገብ ቢያስተካክል ምን ነበረበት? የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ይህን ቢሰሙ ነገውኑ "ሁለት ልጆች ላኩልኝ" ማለታቸው አይቀርም።