መብራት ጠፍቶ የሞተው ሰውዬ

ባለፈው ክረምት እዚህ ደሴ ላይ ሠርቼ የጨረስኩትን ትንሽ ጨዋታ ለሰፈሬ ወጣቶች ካካፈልኩ ወዲህ፣ ሲጫወቱ አጠገባቸው እየተቀመጥኩ የሚሉትን ሁሉ በደብተር ስጽፍ ቆይቻለሁ። ጨዋታው በብራውዘር የሚከፈት እንጂ ወርዶ የሚጫን አይደለም። ብቻውን የሆነ አንድ ሰው የጦሳን ተራራ በሚመስል ደጋ ላይ ያለ ስንቅ ይጀምራል፤ እንጨት ይለቅማል፣ ከቃጫ ገመድ ይገምዳል፣ ድንጋይ ስሎ መጥረቢያ ይሠራል፣ ከብርድ፣ ከረኃብና ከጅብ እየተጠበቀ ቀን ይቆጥራል። ከሞተ የሰበሰበው ሁሉ አብሮት ይጠፋል፤ ተጫዋቹም ከዚያ በፊት አይቶት በማያውቀው መሬት ላይ ባዶ እጁን እንደገና ይነሣል።

ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። ማይክል ቶይና ግሌን ዊችማን በሳንታ ክሩዝ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ሳሉ የጀመሩት፣ እ.ኤ.አ. በ1980 ለተጫዋቾች የደረሰው «ሮግ» የተባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ተጫዋቹ የሚገባበትን ዋሻ በየጊዜው በዕጣ አዲስ አድርጎ ይሠራ ነበር፤ ይህ ዓይነት ጨዋታ ሁሉ «ሮግላይክ» የሚባለውም በእሱ ስም ነው። ሮግ ተጫዋቹ አቋርጦ ሲወጣ የደረሰበትን ያስቀምጥለታል፤ ተመልሶ ሲከፍተው ግን የተቀመጠውን ፋይል ይሰርዘዋል፤ ይህም የሞተ ሰው ወደ ኋላ ተመልሶ ከሞቱ እንዳያመልጥ ነው።

ከሁሉ በፊት የፈራሁት ይህንኑ ሞት ነበር። ሰው የአንድ ሳምንት ድካሙን በአንድ ስሕተት ሲያጣ ጨዋታውን ዘግቶ ይሄዳል ብዬ አስቤ ነበርና። የሆነው ግን ሌላ ነው። አንድ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ 31ኛው ቀን ላይ ውኃ ሊቀዳ ወደ ሸለቆው ወረደ፤ ከኋላው ዝናብ ጣለ፤ ሲመለስ እሳቱ ጠፍቷል፣ ልብሱም ርሷል፤ ሳይነጋም ብርዱ ገደለው። ልጁ እጁን ራሱ ላይ አድርጎ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እሳቱን ሳልከልል ነው የወረድኩት» አለ። ጓደኞቹ «አብሽር!» አሉትና ወዲያው እንደገና ጀመረ። የሞቱን ምክንያት ከነቅደም ተከተሉ መናገር መቻሉን አስተውሉልኝ፤ ደብተሬን መልሼ ሳነበው፣ ተጫዋቾች በቅሬታ የተነሡት ምክንያቱን ማየት ባልቻሉበት ሞት ላይ ብቻ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ለምሳሌ ጅቡ ነው። በስልክ የሚጫወቱት «ከየት መጣ?» እያሉ ደጋግመው ሲጠይቁኝ፣ በላፕቶፕ የሚጫወቱት ግን ስለ ጅብ አንድም ቅሬታ አላነሡም። ነገሩን ስመረምረው ጨዋታውን የሞከርኩት በራሴ ላፕቶፕ ብቻ ስለነበር፣ በሰፊው ስክሪን ላይ ከሩቅ የሚታየው ጅብ በጠባቡ ስልክ ላይ አንድ እርምጃ ሲቀረው ድንገት ይከሰት ነበር። ዛሬ ጅቡ ከመታየቱ በፊት ድምፁ በየትኛው አቅጣጫ እንደተሰማ በጽሑፍ ይገለጻል።

ከሁሉ ያሳዘነኝ ግን መብራት የጠፋ ዕለት የሆነው ነው። አንዲት ወጣት ኢንተርኔት ቤት ውስጥ 40ኛው ቀን ላይ ደርሳ ሳለ መብራት ጠፋ። ብራውዘር የእንዲህ ዓይነት ጨዋታ መረጃ የሚያስቀምጠው እዚያው ኮምፒውተር ላይ ነው፤ የዚያ ቤት ኮምፒውተሮች ደግሞ ጠፍተው በተነሡ ቁጥር ሁሉን አጥፍተው ወደ መጀመሪያው ሁኔታ እንዲመለሱ የተደረጉ ናቸው። መብራቱ ሲመጣ የጨዋታው መነሻ ገጽ ብቻ ጠበቃት። አልተቆጣችም፤ ወደ እኔ ዞር ብላ «እኔ እኮ አልሞትኩም» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። በዚያው ሳምንት ጨዋታው በየእርምጃው እንዲያስቀምጥ አደረግሁ፤ ቀኑም ሲመሽ ተጫዋቹ ገልብጦ በቴሌግራም ለራሱ ሊልከው የሚችል አጭር ኮድ ይሰጣል። ሮግላይክ አጥብቆ የሚወድ አንድ ወዳጄ «በዚህ ኮድ ሰው ከሞት እየተመለሰ ያጭበረብራል» ሲል ተቃወመኝ፤ ልክ ነው፣ ይቻላል። ነገር ግን ሕጉን ለመጠበቅ ብዬ ያልሞተን ሰው መግደል አልፈልግም።

ከሁሉ የጠለቀውን አስተያየት የሰጡኝ ደግሞ አንድም ቀን ያልተጫወቱት አክስቴ ናቸው። ቡና እየተፈላ፣ አቦሉ ሳይወርድ፣ ከትከሻዬ በላይ ሲያዩ ቆይተው «እርጥብ እንጨት መች ይነድለታል ልጄ? አገሩ ኩበት የለውም?» አሉኝ። አፈርኩ። እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው «አንሪያል ወርልድ» የተባለው የፊንላንዶች ጨዋታ የሚወደደው የገዛ አገራቸውን ጫካና ብርድ ስላስገቡበት መሆኑን እያወቅሁ፣ እኔ ግን የውጭ ጨዋታዎችን ደን ቀድቼ የወሎን ደጋ ኩበት ረስቻለሁ። አሁን ተጫዋቹ ኩበት ጠፍጥፎ በፀሐይ ያደርቃል፤ በክረምት ስለማይደርቅም በበጋ ማከማቸት ይኖርበታል። ይህ አንድ ለውጥ ጨዋታውን በሙሉ ወደ ዝግጅት መለሰው፤ ልጆቹም «ክረምት ስንት ቀን ቀረው?» ይባባሉ ጀመር።

አክስቴ በዚያው ዕለት አንድ ነገር ጨምረው ጠይቀውኛል፤ «እሳቱ ሲጠፋበት የሚጭርበት ጎረቤት የለውም?» ሰውዬው ብቻውን እንዲሆን ያደረግሁት ጨዋታው እንዲከብድ ብዬ ነበር። አሁን ከማዶ ጭስ የሚታይበት አንድ ጎጆ እየጻፍኩ ነው፤ ሰውዬው ለጎረቤቱ ምን ይዞ እንደሚሄድ ግን ገና አልወሰንኩም።