እንቅልፍ የነሳኝ ክብሪት

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለኝ ስልኬ ላይ አንድ ያረጀ ፊልም ከፈትኩ። «ዘ ማች ኪንግ» ይባላል፣ የክብሪት ንጉሥ እንደማለት። እ.ኤ.አ. በ1932 የተሠራ ነው። ፊልም ድምፅ ካወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ስለነበር መሰለኝ፣ ሰዎቹ ወሬ እንደሚያልቅባቸው ሁሉ ይጣደፋሉ።

ዋረን ዊልያም የሚጫወተው ክሮል ቺካጎ ውስጥ ጽዳት ሠራተኛ ነው። ስዊድን ላሉ ዘመዶቹ ግን ሀብታም ሆኛለሁ እያለ ይጽፋል። አምነውት «የክብሪት ፋብሪካችንን አድንልን» ብለው ይጠሩታል። ከዚያ ወዲያ አንዱን ውሸት በሌላው መሸፈን ነው ሥራው። ለመንግሥታት ያበድርና በአገራቸው ክብሪት የመሸጥ መብቱን ለብቻው ይጠቀልላል። ቶሎ የማያልቅ ክብሪት የፈለሰፈውን ሰውዬ ደግሞ እብድ አስብሎ ያዘጋበታል። እዚህ ላይ ፊልሙን አቁሜ ውኃ ጠጣሁ። እስከዚያ ድረስ እኮ ባለሥልጣናቱን ሲሸውድ እየሳቅኩለት ነበር!

ታሪኩ የተቀዳው ከእውነተኛ ሰው ነው፣ ከስዊድናዊው ኢቫር ክሩገር። በ1927 ለፈረንሳይ 75 ሚሊዮን ዶላር ያበደረ ሰው ነው። ለባለአክሲዮኖቹ «ትርፍ» እያለ ያድል የነበረው ብዙው ገንዘብ አዳዲሶቹ ያስገቡት ነበር። በ1932 ማርች ላይ ፓሪስ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ሐሰተኛ የጣሊያን መንግሥት ቦንድ አሠርቶ እንደነበርም ታወቀ። ፊልሙ የወጣው ዓመቱ ሳያልቅ ነው። ሆሊውድ ተዝካር እንኳ አልጠበቀም።

እኔም ተበልቻለሁ። «በወር አሥር በመቶ» ብለውኝ 40 ሺህ ብር ሰጠሁ። ሁለት ወር ቀኑን ሳያዛንፉ ከፈሉኝ። በሦስተኛው ስልካቸው ጥርቅም አለ። ለብሩ አልቅሼ ወጥቶልኛል። ሁለተኛው ወር ላይ እህቴን ለምኜ ማስገባቴ ግን እስካሁን ያንገበግበኛል። አላመነችም ነበር። እኔ ነኝ የተከፈለኝን ብር አውጥቼ ጠረጴዛ ላይ የቆጠርኩላት።

ጠዋት ቡና ላፈላ ክብሪት ጫርኩ። አንዱ እንጨት ተሰበረ፣ ሌላው ጭሶ ጠፋ። እህቴ ቀፎውን ከእጄ ወስዳ በአንድ ጊዜ ለኮሰችው።

«ማታ ምን ስታዪ ነው ያመሸሽው?» አለችኝ።

«የክብሪት ነገር» አልኳት። ረከቦቱን ወደ እሷ አስጠጋሁላት።