ሁለቱም 12.3 ቮልት ነበሩ፦ የማደሪያ ሚኒባሴን ባትሪዎች የመረመርኩበት መንገድ

አንድ ባትሪ «ቻርጅ አይዝም» ሲባል ሰሚው ባትሪው አርጅቷል ብሎ ወዲያው ይደመድማል፤ ይህ አንድ አባባል ግን ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ችግሮችን ይሸፍናል። ባትሪው ከቶውንም ሞልቶ አያውቅ ይሆናል፤ ወይም ሞልቶ ሳለ ባለቤቱ ያላሰበው ዕቃ ሲጠጣው ያድር ይሆናል፤ ወይም በእርግጥ ውስጡ ተበላሽቶ የተሰጠውን ማስቀመጥ ተስኖት ይሆናል። ሦስቱም ሌሊት ላይ የሚያሳዩት ምልክት አንድ ነው፤ መብራቱ ይደበዝዛል፣ የባትሪውን ኤሌክትሪክ ወደ ቤት መብራት ዓይነት የሚለውጠው ኢንቨርተር ይጮሃል፣ ከዚያም ሁሉም ነገር ይጠፋል። መድኃኒታቸው ግን ለየቅል ነው፤ አዲስ ባትሪ መግዛት የሚፈውሰውም ሦስተኛውን ብቻ ነው።

ሥራዬ ቡና አቅራቢነት ነው። በለቀማ ወቅት ከጅማ ወጥቼ በጎማ፣ በጌራና በሊሙ ኮሳ ወረዳዎች እዘዋወራለሁ፤ ገበሬው እሸት ቡናውን ይዞ የሚመጣው ከለቀማ ሲመለስ በመሆኑ ምዘናው ማታ ይጀምርና እስከ ሌሊት ይዘልቃል። ለዚህም አልጋ፣ አነስተኛ ፍሪጅና መብራት የተገጠመለት ሚኒባስ ከቀድሞ ባለቤቱ ገዛሁ። ከኋላ በኩል፣ አልጋው ሥር፣ እያንዳንዳቸው 12 ቮልትና 100 አምፔር-ሰዓት (1 አምፔር ለ100 ሰዓት የመስጠት ያህል) የሆኑ፣ ውሃ የሚጨመርባቸው ሁለት የሊድ (የእርሳስ) አሲድ ባትሪዎች ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ ተያይዘው ተቀምጠዋል። ጣሪያው ላይ 200 ዋት የሶላር ፓኔል አለ፤ ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ ዲናሞው በሪሌ (ሞተሩ ሲሠራ ብቻ በሚያገናኝ ማብሪያ) በኩል ይሞላቸዋል። ከሰዓት በኋላ መለኪያው 12.8 ቮልት እያሳየ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሳይሞላ ኢንቨርተሩ መጮህ ይጀምር ነበር።

በጅማ መርካቶ አካባቢ ባትሪ ቻርጅ የሚያደርግ ወጣት መለኪያውን አንዴ አሳርፎ «ጋሼ፣ እነዚህ በቅቷቸዋል፤ ሁለቱንም ይቀይሯቸው» አለኝ። ሁለት ባትሪ መግዛት ቀላል ወጪ ስላልሆነ፣ ከዚያ በፊት በወረቀት ማስላት መረጥሁ። መብራቶቹ 2 አምፔር ገደማ ይወስዳሉ፤ 5 ሰዓት ቢበሩ 10 አምፔር-ሰዓት ነው። ፍሪጁ ሲሠራ 3 አምፔር ይወስዳል፤ ግማሹን ጊዜ ስለሚያርፍ በ12 ሰዓት ውስጥ 18 ይሆናል። ላፕቶፑና ደረሰኝ ማተሚያው በኢንቨርተር በኩል 15 ገደማ ይጠጣሉ። ድምሩ 43 አምፔር-ሰዓት ነው። ሁለቱ ባትሪዎች በአንድነት 200 ይይዛሉ፤ የሊድ አሲድ ባትሪ ዕድሜው እንዳያጥር ከግማሽ በታች ባይወርድ ይመረጣል ብንል እንኳ 100 አምፔር-ሰዓት በእጃችን አለ። እንግዲህ ጤነኛና ሙሉ ቢሆኑ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ አገልግለው ግማሹን እንኳ ባላስነኩ ነበር።

የመጀመሪያው እርምጃ ባትሪዎቹን ከሁሉም ነገር፣ እርስ በርሳቸውም ጭምር፣ ፈትቶ ማሳረፍ ነበር። ገና ቻርጅ ሲደረግ የቆየ ባትሪ ፕሌቶቹ (በውስጡ ያሉት የእርሳስ ዝርግ ሰሌዳዎች) ላይ ላዩን ብቻ የሞላ ቮልቴጅ ስለሚያሳይ ቁጥሩ ያታልላል፤ ከሰዓት በኋላ የማየው 12.8 እንዲህ ዓይነቱ ነበር። ሌሊቱን አሳርፌ ጠዋት ስለካቸው ሁለቱም 12.3 ቮልት ገደማ አሳዩ። በዕረፍት ላይ ያለ የሊድ አሲድ ባትሪ 12.6 እስከ 12.7 ቮልት ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.4 ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ ያህል ነው። ስለዚህ በቮልት መለኪያው ዓይን ሁለቱ ባትሪዎች መንትዮች ነበሩ፤ ሁለቱም ግማሽ ያህል ብቻ ሞልተዋል።

ልዩነታቸውን የገለጠው ሃይድሮሜትር የሚባለው የአሲድ መለኪያ ነው። ዋጋው ከባትሪው ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው፤ ውሃ የሚጨመርበት ባትሪ ያለው ሰው ሁሉ ቢኖረው ደስ ይለኛል። ባለ 12 ቮልት ባትሪ ስድስት ሴሎች (ለየብቻ የተከለሉ ክፍሎች) አሉት፤ የእያንዳንዱን ሴል ክዳን ከፍቶ ፈሳሹን በመሳብ፣ ከውሃ አንጻር ምን ያህል እንደሚከብድ ይነበባል። ሙሉ የሆነ ሴል 1.265 እስከ 1.280፣ ግማሽ የሆነ 1.190 አካባቢ ያሳያል። በአንደኛው ባትሪ ስድስቱም ሴሎች 1.200 እና 1.210 መካከል ነበሩ። በሁለተኛው ግን አምስቱ 1.225 ሲያሳዩ አንዱ 1.120 ላይ ቀርቷል።

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ጠቅላላው ምርመራ የተመሠረተው በዚህ ንባብ ላይ ነውና። የአንድ ሴል የዕረፍት ቮልቴጅ በግምት የአሲዱ ንባብ ላይ 0.84 ሲደመር የሚገኘው ነው። በዚህ ስሌት የመጀመሪያው ባትሪ ስድስት እኩል ሴሎች ተደምረው 12.3 ይደርሳሉ፤ የሁለተኛው አምስት የተሻሉ ሴሎችና አንዱ የደከመም ተደምረው እዚያው 12.3 ላይ ያርፋሉ። የቮልት መለኪያ የሚያሳየው ድምሩን ብቻ ስለሆነ የተራበውን ከታመመው መለየት አይችልም። ሴሎቹ ሁሉ እኩል ዝቅ ካሉ ባትሪው አልሞላም ማለት ነው፤ ተስፋም አለው። አንዱ ሴል ከሌሎቹ በ0.050 ወይም ከዚያ በላይ ከተለየ፣ ደጋግሞ ቢሞላም ልዩነቱ ካልጠበበ፣ ያ ሴል አብቅቶለታል፤ አንድ ሴል ብቻውን መቀየር ስለማይቻልም ባትሪው አብሮት ይሄዳል። የተያያዙ ባትሪዎች ሲሆኑ ደግሞ ጉዳቱ የአንዱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ሌሊቱን ሙሉ ጤነኛው የታመመውን ሲመግብ ያድራል። በመርካቶ የተነገረኝ ምክር እንግዲህ በግማሽ እውነት፣ በግማሽ ስህተት ነበር።

ሁለተኛውን ባትሪ አሞልቼ ደግሜ ብለካውም ደካማው ሴል ስላልተነሣ አወጣሁት። የቀረው ጥያቄ ጤነኛው ለምን ግማሽ ላይ እንደሚውል ነበር። ሞተሩን አስነሥቼ ከዲናሞው ላይ ስለካ 14.2 ቮልት አገኘሁ፤ ይህ ደህና ነው። ከኋላ ባትሪው ተርሚናል ላይ ግን 13.4 ብቻ ነበር፤ 0.8 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል። የት እንደቀረ ለማወቅ የመለኪያውን ሁለት ጫፎች በአንዱ ሽቦ መነሻና መድረሻ ላይ ማሳረፍ በቂ ነው፤ ኤሌክትሪክ እየፈሰሰ ሳለ የሚነበበው ቁጥር በዚያ ሽቦ ላይ የባከነው ቮልት ነው። አብዛኛው የባከነው በሽቦው ላይ ሲሆን፣ ጥቂቱ ደግሞ ኔጌቲቩ ከመኪናው አካል ጋር በታሰረበት፣ ቀለምና ዝገት ባልተፋቀበት ብሎን ላይ ነበር።

የተዘረጋው ሽቦ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ ነው፤ ከፊት እስከ ኋላ ደርሶ መልስ 12 ሜትር ይሆናል። የዚህ ያህል ርዝመት ያለው መዳብ 0.035 ኦም ያህል ተቃውሞ አለው፤ 20 አምፔር ሲያልፍበት 0.7 ቮልት ይበላል። በባለ 25 ሚሊ ሜትር ካሬ ስቀይረው ብክነቱ ወደ 0.17 ወረደ። በሁለቱም ጫፍ፣ ከፊት ከሞተሩ ባትሪና ከኋላው ባትሪ አጠገብ፣ ፊውዝ አስገባሁ፤ እንዲህ ያለ ወፍራም ሽቦ ሳይጠበቅ ከአካሉ ጋር ቢነካካ መኪና ያቃጥላልና ይህን መዝለል አይገባም።

በእርግጥ ቀጭን ሽቦ ባትሪን ለዘላለም ከመሙላት አይከለክልም፤ ባትሪው እየሞላ ሲሄድ የሚቀበለው አምፔር ስለሚቀንስ ብክነቱም አብሮ ይቀንሳል። ለአገር አቋራጭ ሾፌር ይህ ላይሰማው ይችላል። ከጅማ አጋሮ ግን 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የሊድ አሲድ ባትሪ የመጨረሻውን አንድ አምስተኛ ለመሙላት ብቻ ብዙ ሰዓታት ይፈልጋል። ስለዚህ በእኔ ዓይነቱ አጭር ጉዞ ዲናሞው ሥራውን ሳይጨርስ ሞተሩ ይጠፋል፤ ቀሪውን መጨረስ የነበረበት ሶላሩ ነው።

ሶላሩም የራሱ ጣጣ ነበረበት። የጅማ አካባቢ ቡና በጥላ ሥር የሚበቅል ነው፤ እኛም ሚኒባሱን የምናቆመው እዚያው ዋንዛው ሥር፣ ቀዝቀዝ ባለው ቦታ ነበር። የፓኔሉ ሴሎች በተርታ የተያያዙ ስለሆኑ የአንድ ቅርንጫፍ ጥላ ብቻ የብዙዎቹን ምርት ያፍናል። በዚያ ላይ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን የሚቆጣጠረው የቻርጅ ኮንትሮለር የባትሪ ምርጫ «ጄል» (አሲዱ እንደ ሙጫ የረጋ ባትሪ) ላይ ስለነበር 14.1 ቮልት ሲደርስ ሥራውን ጨረስኩ ብሎ ይመለሳል፤ ውሃ ለሚጨመርበት ባትሪ ግን 14.4 እስከ 14.8 ያስፈልጋል። በኅዳርና በታኅሣሥ የአካባቢው ሌሊትና ማለዳ ይቀዘቅዛል፤ ባትሪው ሲቀዘቅዝ ደግሞ ከዚህም ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ይሻል፤ ለ10 ዲግሪ ልዩነት ከ0.2 እስከ 0.3 ቮልት ያህል። ምርጫውን አስተካከልሁ፤ ሚኒባሱንም ቀን ቀን ሜዳ ላይ ማቆም ጀመርን። ረዳቴ በሙቀቱ ማጉረምረሙ አልቀረም፤ አልፈርድበትም።

በስውር የሚጠጣውን ዕቃ ማግኘት ከሁሉ ቀላሉ ነበር። ሁሉንም መብራትና ፍሪጁን አጥፍቼ፣ የኔጌቲቭ ሽቦውን ፈትቼ አምፔር መለኪያውን በመካከል ሳስገባ 0.9 አምፔር አነበበ። ኢንቨርተሩን ከማብሪያው ስዘጋው ወደ 0.03 ወረደ። ምንም ሳይሰካበት ክፍት የሚያድር ኢንቨርተር በ24 ሰዓት 21 አምፔር-ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ በወረቀቱ ስሌት ላይ ያልተመዘገበው ወጪ ይህ ነበር። አሁን የሚከፈተው ላፕቶፕና ማተሚያ ሲሠሩ ብቻ ነው።

ጤነኛውን ባትሪ መልሶ ለማንሣት ከቤት መብራት ኃይል በሚሠራ፣ ቮልቱ በሚስተካከል ቻርጀር ላይ ለረጅም ሰዓት በ14.6 ቮልት አዋልሁት። ለብዙ ጊዜ ሳይሞላ የቆየ ባትሪ ፕሌቶቹ ላይ የሊድ ሰልፌት ይጋገርበታል፤ ሲውል ሲያድርም እየጠነከረ አልነሣም ይላል። ስለዚህ ከሞላ በኋላ በአነስተኛ አምፔር እስከ 15.5 ቮልት ከፍ አድርጌ፣ በየሰዓቱ አሲዱን እየለካሁ፣ ንባቡ መጨመር እስኪያቆም ጠበቅሁ። በዚህ ጊዜ ባትሪው ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ ሥራው ደጅ፣ ከእሳትና ከሲጋራ ርቆ፣ በመነጽርና በጓንት መሠራት አለበት። ክዳናቸው የማይከፈት ኤጂኤም ወይም ጄል ባትሪዎች ላይ ይህን ማድረግ ያበላሻቸዋል፤ ሊቲየም ደግሞ ጭራሽ ሌላ ዓለም ነው፤ ቮልቱ እስኪያልቅ ድረስ ብዙም ስለማይለወጥ እዚህ የጻፍኋቸው ቁጥሮች አንዳቸውም አይሠሩለትም።

ንባቡ በመጨረሻ 1.260 ላይ ቆመ። አዲስ አይደለም፤ ግን ስድስቱም ሴሎች እኩል ነበሩ። የጎደለውን ፈሳሽ ባትሪው ከሞላ በኋላ በተጣራ የባትሪ ውሃ ተካሁ። ብዙ ሰው በዚህ ፋንታ የታሸገ የመጠጥ ውሃ ይጨምራል፤ ለጠጪው የሚጠቅመው ማዕድን ግን ፕሌቱን ይጎዳል፤ አሲድ መጨመርም ስህተት ነው፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለምና። ለሙከራ 5 አምፔር የሚወስድ የፊት መብራት አምፖል አያይዤ 10 ሰዓት አበራሁት፤ 50 አምፔር-ሰዓት ከሰጠና ካረፈ በኋላ 12.1 ቮልት አሳየ። ለዕድሜው የሚያስከፋ አይደለም።

በወጣው ፋንታ አዲስ ባትሪ ገዝቼ ከእርሱ ጋር አላያያዝሁትም። አሮጌና አዲስ ሲጣመሩ ሁለቱ እኩል ስለማይሞሉና እኩል ስለማይለቁ አዲሱ በአሮጌው ልክ ይደክማል። ወደፊት ሁለት ስገዛ አንድ ዓይነትና አንድ ጊዜ የተሠሩ ይሆናሉ፤ ፖዘቲቩን ከአንደኛው፣ ኔጌቲቩን ከሌላኛው ባትሪ አስወጣለሁ፤ የቀድሞው አሠራር ሁለቱንም ከአንዱ ላይ ስላወጣ ለሽቦው የቀረበው ባትሪ የበለጠ ሲለፋ ኖሯል፤ ሴሉ የሞተውም እርሱ ነው። ለአሁኑ 43 አምፔር-ሰዓት የሚሆነውን የሌሊት ሥራ ይህ አንዱ ባትሪ ብቻውን እስከ ንጋት ያደርሰዋል።

የሞተውን ባትሪ እርሳሱን ለሚገዙ ሰዎች ከነአሲዱ፣ ሳላፈስ ሰጠሁ፤ አሲዱን አዌቱ ዳር መድፋት ወንዙን በእርሳስ መበከል ነው። ክረምት ሲገባ ሚኒባሱ ግቢ ውስጥ ይቆማል፤ ከሰኔ እስከ መስከረም ደመናው ስለሚበረታ በሶላሩ አልተማመንም። ባትሪውን እስኪሞላ ድረስ ቻርጅ አድርጌ ኔጌቲቩን እፈታለሁ፤ ሥራ ላይ ባይውልም በራሱ እየቀነሰ ስለሚሄድም በወር አንድ ጊዜ ቻርጀር ላይ አውለዋለሁ።